የመተኮሻው ሣንቃ ልብስ

ትናንት ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ መጣ። አዲስ ነገር ሆኖ አይደለም፤ በኛ ሰፈር መብራት እንደ ጎረቤት ነው፣ ሲያሻው ይገባል ሲያሻው ይወጣል። ልጄ የልጇን የተማሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ ሄዶባት፣ ካውያውን ልብሱ ላይ እንዳስቀመጠችው ወደ ጓዳ ገብታ በሌላ ሥራ ተጠምዳ ኖሮ፣ ሳያስነግር ተመልሶ መጣና ቤቱን የተቃጠለ ጥጥ ሽታ ሞላው። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ልማዴ ጉልበቴን አሽ ነበር። የተቃጠለ ጨርቅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይሸትም፤ ናይለኑ ያንቃል፣ ሱፉ እንደ ጠጉር ይከረፋል፣ ጥጥ ግን መጀመሪያ እንደሚቆላ እህል ደስ ይላል፣ የሚመረው ኋላ ነው። ልጄ «ወይኔ ጉዴ!» እያለች ስትሮጥ ከኔ አፍ ያመለጠው «ልጄ፣ ካውያው!» የሚል ጩኸት ነበር፤ እሱም የኔ ድምፅ አልመሰለኝም። የአያ ቸኮል ድምፅ ነው። ስንት ዘመን ውስጤ ተኝቶ ኖሮ በአንድ እፍኝ ጭስ ተነሣ።

ጉልበት ቢኖረኝ ለልጄ እነግራት ነበር። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ውላ ነው የምትገባው፣ እኔም ነገር ጀምሬ መሐል ላይ ይደክመኛል። ስለዚህ እዚሁ ልናገረውና ልገላገል።

አያ ቸኮል የአባቴ አባት ናቸው። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ እንደሳቸው የማይቸኩል ሰው በዓይኔ አላየሁም፤ ከበሩ ተነሥተው መደቡ ጋ እስኪደርሱ የቀረበው ወጥ ይበርድ ነበር። የወገራ ሰው፣ ደገኛ፣ ገበሬ ነበሩ። ሚስታቸው የሻረግ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ሲኖሩ የአንድ ልጃቸው፣ ማለት የአባቴ፣ መርዶ ደረሳቸውና ለለቅሶ ወደ ጎንደር ወረዱ። ለለቅሶ እንደ መጡ ቀሩ። እቴቴ፣ እናቴን ማለቴ ነው፣ «ይሂዱ» አላለች፣ እሳቸውም «ልቆይ ወይ» ብለው አልጠየቁም። አንድ ቀን መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፎላቸው አየሁ፣ በቃ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ዕቃ መሐል አንድ የስፌት ማኪና አግኝቶ ቤታችን የፊተኛዋ ክፍል ውስጥ ተከለው፤ በመከር ወራት ደግሞ የሰፋውን በአህያ ጭኖ ሰሊጥ ነጋዴው ወደሚሰበሰብበት ወደ ሳንጃ ይወርድ ነበርና፣ አንዱን ጊዜ ንዳድ ይዞ ተመለሰ፣ ከዚያ አልተነሣም። እኔ መልኩን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም። የቀረን ማኪናው፣ የከሰሉ ካውያና ያቺ ክፍል ነበሩ። እቴቴ እሱ ሲሰፋ አጠገቡ ተቀምጣ ቁልፍ እየተከለች፣ ጠርዝ እያጠፈች በዓይኗ የቀሰመችውን ይዛ ማኪናው ላይ ወጣች። ያን ጊዜ ሴት የወንድ ልብስ ስትሰፋ ማየት ላገሩ ሳቅ ነበር። የአራዳ ልብስ ሰፊዎች «የዚያች መበለት ሱሪ አንዱ እግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ እግሩ ወደ ገበያ ነው የሚሄደው» ይሉ እንደነበር ሳይቀር ሰው መጥቶ ነግሯታል። እሷ መርገጫውን ጠበቅ አድርጋ ረገጠችው።

ያቺ ክፍል ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ትመጣለች። የማኪና ዘይትና የከሰል ሽታዋ፣ መሬቱ ላይ የተበተነው የክር ብጥስጣሽ፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ውስጥ የሚዋኘው የጨርቅ ብናኝ። በግድግዳው ጥግ መተኮሻው ቆሟል፤ ከፈረሰ የጣሊያን ቤት የወጣ የሰው ቁመት ያህል ሣንቃ ነው፣ በሁለት የግንድ ጉማጅ ላይ የተጋደመ። ካውያው መክደኛው ላይ የናስ ዶሮ ተቀምጣበታለች፤ ሲግል የሚያርፍበት ሸክላ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ከወለቃ የመጣ ነበር። ያችን ዶሮ መንካት የተከለከለ ስለ ነበር በሕይወቴ እንደሷ የተመኘሁት ነገር የለም።

አሁን የእቴቴንና የአያ ቸኮልን ነገር ልንገራችሁ። በአያ ቸኮል አገር ወግ ምራት አማቷን ቀና ብላ አታይም፣ አማትም ምራቱን ፊት ለፊት አያናግርም። እቴቴ የከተማ ልጅ ብትሆንም ለአባቴ ክብር ብላ የወገራን ወግ ከወገራ ሴቶች አብልጣ ያዘችው። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የሚነጋገሩት በኔ በኩል ነበር። እቴቴ «አያን ውሃ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂያቸው» ትላለች፤ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው ሰምተዋል፤ እኔ ግን ዞሬ «አያ፣ ውሃ ይፈልጋሉ?» እላለሁ። «አልጠማኝም በያት» ይላሉ። ዞሬ «አልጠማቸውም» እላለሁ። በሰፈራችን ቃል በማመላለስ እንደኔ የተከበረ ልጅ አልነበረም፣ እኔም ኮራ ብዬ ነበር የምሠራው።

አያ ቸኮል ከአገራቸው ይዘውት የመጡት አንድ ስልቻ ብቻ ነው። እሱን ተንተርሰው ይተኛሉ፣ ሲነሡም ከራስጌ አይለዩትም። ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አይጠይቅም። እቴቴ መደቡን ስትጠርግ ግን ካፉ ነጭ ጨርቅ ብቅ ብሎ አይታለች፤ የሚቀይሩት ኩታ መስሏታል።

በዚያ ዓመት የገና በዓል ሳይደርስ የሰበካችን ካህናት ለጥምቀት የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስ ስፊ ብለው ለእቴቴ ሰጧት። ቀድሞ አባቴ ነበር የሚሰፋላቸው፤ ለሱ ነፍስ ብለው ነው። ቢያምር ሥራው የሷ ሆኖ ይቀራል፤ ቢበላሽ ግን ወደ አራዳዎቹ ይሄዳል፣ እኛም ማኪናውን አቅፈን መቅረታችን ነው። ስፌቱ ሰመረላት። የመጀመሪያውን ቀሚስ መተኮሻው ላይ ዘርግታ ካውያውን አሳልፋ ብታነሣው ግን ጀርባው ላይ የሻይ ውሃ የመሰለ እድፍ ይዞ ተነሣ። የሣንቃው ልብስ ነው ጉዱ። አባቴ ያለበሰው ጨርቅ ፍም ሲረግፍበት፣ የሱፉ ቀለም ሲለቅበት፣ ዓመት ካመት ጠቁሮ የያዘውን ሁሉ በሙቀት መልሶ ይተፋል። አዲስ አቡጀዲ እንዳታለብሰው፣ አቡጀዲ ከፋብሪካ ሲወጣ የጠጣው ሙጫ ከካውያው ጋር ይጣበቃል። የሚያስፈልጋት የታጠበ፣ ነጭ፣ ቀለም ያልነካው የእጅ ፈትል ነበር። የኛን ነጠላዎች አገላበጠች፣ ሁሉም ወይ ሳስቷል ወይ ጥለት አለው።

ከዚያ ጠራችኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «ትርንጎ፣ አያን እንዲህ በያቸው፤ ከስልቻዎ ያለው ነጭ ጨርቅ ካልቸገረዎ ለመተኮሻው ይስጡኝ ትላለች በያቸው» አለችኝ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩ። አያ ቸኮል ወደ ስልቻቸው ዞር ብለው ጠፍሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ኋላ «ለሥራዋ ነው?» አሉ። አዎ አልኩ። «ከሌላ ቤት አጥታ ነው?» አዎ አልኩ። ስልቻውን ወደ ጉያቸው ስበው ጠፍሩን ፈቱና ጨርቁን አወጡ። በሁለት እጃቸው ነው የሰጡኝ። «ሸጋ ፈትል ነው በያት» አሉ።

መገነዣቸው ነበር። ሚስታቸው የሻረግ በጉብዝናዋ ጊዜ የሁለቱንም መገነዣ ፈትላለች፤ ጥጡን ከዘሪማ በኩል ከሚመጣ ነጋዴ ገዝታ፣ ዳምጣ፣ በእንዝርት አሹራ፣ ልቃቂቱን ለሸማኔ ሰጥታ አንድ ዓይነት አድርጋ አሠርታዋለች። የሷን ለብሳው ሄደች። የሳቸው ስልቻ ውስጥ ቀረ። ወገራ ቢሆን ሽማግሌ ከራስጌው የማይለየው ጥለት የሌለው ነጭ ጨርቅ ምን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ስለዚህ አያ ቸኮል እቴቴ አውቃ የጠየቀች መሰላቸው፤ አውቃ ከጠየቀች ደግሞ የምትይዘው የምትጨብጠው ቢጠፋት ነው ብለው ሰጡ። እቴቴ በበኩሏ ኩታቸውን በደስታ የሰጧት መሰላት። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሁለት ደግ ሰዎች መሐል ገብቶ ቤት ያፈርሳል። ፊት ለፊት አንዲት ቃል ቢነጋገሩ ኖሮ አለቀ ነበር እኮ!

እቴቴ ያን ዕለት ደስ ብሏት እያንጎራጎረች ነበር የሠራችው። የድሮውን ጥቁር ልብስ ገፈፈችና ሣንቃውን በአሸዋ ፈተገችው። የወታደር ብርድ ልብስ አጥፋ፣ አንዳች ጭምድድ እንዳይኖርበት በመዳፏ እየዳሰሰች አነጠፈችበት። ከዚያ ነጩን ጨርቅ መሬት ላይ፣ በንጹሕ ሰሌን ላይ ዘርግታ ሣንቃውን በላዩ ደፋችውና ዙሪያውን በሳሙና ቁራጭ አሰመረች፤ ወደ ውስጥ ለሚታጠፈው ትርፍ ተወች። ቁመቱ ልክክ አለ። «ለዚሁ የተሠራ ይመስላል!» አለች። አራቱን ማዕዘን በመቀስ ክብ አድርጋ ቆረጠች፣ ቁራጮቹንም እንደ ልማዷ የብጥስጣሽ ከረጢት ውስጥ ከተተች። ጠርዙን አጥፋ በማኪና ሰፋች፣ በእጥፋቱ ውስጥ ሲባጎ አሳለፈች፣ ሣንቃውን አለበሰችና ሲባጎውን ከሥር ጠፍራ ሳበችው። ጨርቁ እንደ ከበሮ ተወጠረ። በጣቷ መታ መታ አድርጋ ሣቀች። አያ ቸኮል ከመደባቸው ሆነው መቀሱ ሲነክስ ይሰሙ ነበር።

ቀሚሶቹ ወተት መስለው ወጡ። በጥምቀት ካህናቱ ታቦቱን አጅበው ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ሴቱ ሁሉ «ማን ሰፋው?» ይል ነበር። እቴቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከኋላ ስትሄድ ጆሮዋ ግን ወደ ፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ የአራዳዎቹ የሱሪ ቀልድ ቀረ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የንስሐ አባታችን ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። ረጭተው፣ ተቀምጠው፣ ጠላ እየቀመሱ ወደ አያ ቸኮል ዞረው «አያ ቸኮል፣ ያ መገነዣዎ ብል እንዳይበላው፤ ደህና ተቀምጧል?» አሏቸው። አያ ቸኮል ያለ አንዳች ክፋት «ደህና ነው አባቴ፤ ምራቴ ዘንድ ነው። ልብስ ትተኩስበታለች» አሉ።

ማኪናው ቆመ። እቴቴ አንገቷን አዙራ መጀመሪያ ንስሐ አባታችንን፣ ከዚያ ስልቻውን፣ ከዚያ ሣንቃውን አየች። «አፈር ልብላ!» ብላ ተነሣች። ምላጭ አንሥታ ስፌቱን ልትተረትር ሣንቃው ላይ ተደፋች፤ ማዕዘኑ መቆረጡ ትዝ ሲላት ደግሞ ምላጩን ጥላ ፊቷን ነጨች። አያ ቸኮል ወደኔ ዞሩና «ትርንጎ፣ ተይ በያት። ከሰጠሁ ሰጠሁ። ሥራው በጇ ላይ ነው፣ ቤቱም መብላት አለበት። የሻረግም ብትሆን ሥራ የፈታ ዕቃ አትወድም ነበር በያት» አሉ። ንስሐ አባታችንም «እግዜር የሚያየው ልብን ነው» አሉና ጠላቸውን ጨረሱ። ስለዚህ ጨርቁ ሣንቃው ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ግን እቴቴ ስትተኩስ ካውያውን በእርጥብ ጨርቅ ሳትሞክር ወደ ሣንቃው አታስጠጋም።

አያ ቸኮልም ለውጥ አመጡ። መደባቸውን ትተው የስፌት ክፍሉ ደፍ ላይ መዋል ጀመሩ። ፀሐይ ፍለጋ ነው ይላሉ፤ ፀሐዩ ግን በዚያ በኩል አልነበረም። አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን «ትርንጎ፣ በሌላ ሰው ፈትል ተገንዤ ብሄድ የሻረግ የምታውቀኝ ይመስልሻል?» አሉኝ። እኔ «በፊትዎ ታውቀዎታለች» አልኳቸው። «ፊቴማ መች ያው ሆነ? እሷ ስትሄድ ጥርስ ነበረኝ» አሉ። ሣቅሁ። እሳቸው አልሣቁም። ይኼን በያት ባይሉኝም እንደ ለመደብኝ ሄጄ ለእቴቴ አደረስኩ። በእጇ የያዘችውን እጅጌ አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች፣ ብዙ ቆይታ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች።

ክረምቱ ሲገባ፣ ዝናብ የሚያካፋ ቀን ነበር፤ አንድ ደንበኛ በር ላይ ሆኖ ኮቱ ጠበበኝ ብሎ ይነታረካል። እቴቴ ሰውየውን ለማስረዳት ወጣ ስትል ካውያውን የወለቃው ሸክላ ላይ ያስቀመጠች መስሏት ሣንቃው ላይ ትታዋለች። እኔ ከክር ጋር እጫወታለሁ። ሽታው ያ የተቆላ እህል የሚመስለው ሽታ ነበርና ይባስ ብሎ ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ከደፉ ላይ «ልጄ፣ ካውያው!» የሚል ድምፅ ቤቱን ሰነጠቀው። አያ ቸኮል ዘለው ተነሥተው፣ እውነት እላችኋለሁ ሮጠው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ካውያውን ነጥቀው ሸክላው ላይ አሳረፉት። እኔ በልማዴ «እቴቴ፣ ካውያው ይሉሻል» ብዬ ላደርስ ዞሬ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የሚደርስ ነገር አልቀረም። እቴቴ በሩ ላይ ደርቃ ቆማለች። ስታያቸው የነበረው እሳቸውን ነው፣ ቀና ብላ፣ ፊት ለፊት።

ጨርቁ ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ታትሟል፣ ሹል አፉ ሳይቀር። እቴቴ እሱን ስታይ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «ምን አድርጌ ልካስዎ? ምን አድርጌ ልካስዎ?» ትላለች። አያ ቸኮል የተቃጠለውን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ተይ ልጄ፣ ተይ። ነጭ ጨርቅ ሁሉ ይመሳሰላል። አሁንማ ምልክት አገኘ፤ የሻረግ ከሩቅ ታየኛለች» አሏት።

ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ ከሥራዬ ተባረርኩ። ሁለቱ ወሬ ጀመሩ። እሷ እየሰፋች፣ እሳቸው ደፉ ላይ ሆነው ስለ ወገራ ብርድ፣ አባቴ ሕፃን ሳለ ስለ ወደቀበት ጉድጓድ፣ የሻረግ እንዝርት ይዛ መንገድ ስትሄድ እግሯም ጣቷም አይቆምም እንደ ነበር ሲያወሩ ይውላሉ። ለካ የሚያወሩት እንደዚያ ያህል ነበራቸው! እኔ ቅናት ገባኝ፤ ማንም «በያት» የሚለኝ ጠፋ። ያ ክረምት በቤታችን የሣቅ ክረምት ነበር፣ ግን አጭር ሆነ።

መስከረም ሳይጠባ አያ ቸኮል ተኙ። እህል አልወርድ ሲላቸው እቴቴ ሳትጠየቅ ሲባጎውን ፈታች። ስፌቱን ክር በክር ተረተረች፣ ጨርቁን በእንዶድ አጠበችው። ከብጥስጣሹ ከረጢት አራቱን ቁራጮች ለቅማ አውጥታ፣ ማኪናውን ትታ፣ በመርፌ በእጇ ቦታ በቦታቸው ሰፋቻቸው። እድፉ ሁሉ ሄደ፤ ያ የካውያ ምልክት ግን ቢታሽ ቢታሽ አልለቅም አለ። ስታበቃ ባዶው ሣንቃ ላይ ዘርግታ ተኮሰችው። መደባቸውን አዙራላቸው ነበርና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያዩ ነው። አጥፋ ራስጌያቸው ስታስቀምጥላቸው እጃቸውን ጣል አደረጉበት። ገና ትኩስ ነበር። «ሸጋ ነው፣ ልጄ» አሏት።

በማግሥቱ አረፉ። ከወገራ የወረዱት ዘመዶች ጨርቁን ሲዘረጉ አንዱ «ምነው፣ ለሰው ልጅ የተቃጠለ ጨርቅ? አዲስ አቡጀዲ ይገዛ እንጂ!» ብሎ ተቆጣ። በባሏ ዘመዶች ፊት ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቀው እቴቴ፣ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀና አለችና «የሻረግ ፈትል ነው። እሷ ካላወቀችው እኔን ትጠይቀኝ» አለች። ሲገንዟቸው ያ ምልክት ደረታቸው ላይ ዋለ።

ሣንቃው ቆይቶ አቡጀዲ ለበሰ፣ ሙጫውም እንደ ተፈራው ካውያውን እየያዘ ሲያናድደን ኖረ። እቴቴ ዓይኗ እስኪደክም ሰፋች፣ እኔም ከሷ ተማርኩ፣ ከስፌቱም ያተረፍኩት ይኼን ጉልበትና ይኼን ወገብ ነው። የናሷ ዶሮ የት እንደ ወደቀች አላውቅም። ያች ክፍል ፈርሳ ቦታው ላይ የሚከራይ ፎቅ ቆሟል። ወገራም ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ ልጆቹ እንዝርት ምን እንደሆነ አያውቁም። እኔም ፈትል አልተማርኩም፤ ማኪና አለኝ ብዬ።

የኔም መገነዣ አለ። አልጋዬ ሥር ነው፣ ከሱቅ የተገዛ፣ በላስቲክ እንደ ታሸገ። ማን ፈተለው? ማንም። ሸማኔው ማን ነው? ማንም። እቴቴ እዚያ ማዶ ዓይኗ ደክሞ ቆማ ብትጠብቀኝ፣ ከዚያ ሁሉ ነጭ መሐል እኔን በምን ትለየኛለች? እያልኩ ስደክም እውላለሁ።

ትናንት ግን ልጄ የተቃጠለውን ልብስ እያየች ስትነጫነጭ፣ ወገቤን ይዤ ጎንበስ አልኩና ላስቲኩን ጎትቼ አወጣሁ። ማሸጊያውን ቀድጄ ጨርቁን ሰጠኋት። ገና ስትዘረጋው አወቀችው፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማዬ፣ ይኼ...»

«ተኩሺልኝ» አልኳት። «መብራት ሳይሄድ። ደግሞ ጫፉን ትንሽ ብታቃጥይው አልቆጣሽም።»